«አጸዳኋት» የሚሉት ነገር

የራሳችሁን ፎቶ አይታችሁ «ይሄ ማነው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዐይናችሁ ተጨፍኖ ወይም አፋችሁ ተከፍቶ የወጣውን ማለቴ አይደለም። እሱማ ያስቃል፣ ይቀደዳል፣ ያልቃል። የምጠይቃችሁ ስላማረው ፎቶ ነው። ያየው ሁሉ «እንዴት አምሮብሃል! እንዴት አምሮብሻል!» የሚላችሁ፣ እናንተ ግን ብታዩት ብታዩት ራሳችሁን የማታገኙበት። ደርሶባችሁ ከሆነ የምነግራችሁ ቶሎ ይገባችኋል። ካልደረሰባችሁ ደግሞ ታገሱኝ። መምህር ነኝና ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስረዳት እወዳለሁ።

መቱ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያደግሁት ኡካ ቢሆንም ሥራ የጀመርኩት እዚህ ነው፤ የምኖረውም አንዲት በንግድ የኖሩ ሴትዮ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ሴትዮዋን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። በግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ከዳሪሙ ገጠር ለትምህርት የመጡ ልጃገረዶች ተዳብለው ይኖራሉ። ከእነሱ አንዷ የእኔው ተማሪ ናት፤ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሷ ፎቶ ነው።

ልጅቷ ጥቁር ናት። ቃሉን ሳልሸፋፍን የምጽፈው አውቄ ነው። ሊያስደስታት የፈለገ ሰው ሁሉ «ጠይም» ይላታል፤ እንደ ስጦታ። ጠይም አይደለችም። ጥቁር ናት፤ ጉንጯ ከፍ ያለ፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ሒሳብ ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን ወደ ውስጥ የምትሰበስብ ልጅ። በዚያ ዓመት በመጀመሪያው መንፈቅ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ አንደኛ ወጣች።

በትምህርት ቤታችን በር ላይ መስታወት የተገጠመለት የክብር ሰሌዳ አለ። ከየክፍሉ አንደኛ የወጡ ልጆች ፎቶ ይለጠፍበታል፤ ከሥሩ ስማቸው ይጻፋል። ልጆቹ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ ፎቶ ቤት ተላኩ። እሷም ፀጉሯን ተሠርታ፣ ፊቷን ቫዝሊን ተቀብታ፣ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ሄደች። ፎቶው ሲመጣ ሸሚዙን አወቅኩት። እሷን ግን አላወቅኳትም። ፊቷ ልጣጩ የተነሳለት ድንች መስሏል። ጉንጯ ጠፍቷል። ከንፈሯ ሮዝ ሆኗል። ፎቶው መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ባልደረቦቼ «ውይ፣ ስታምር!» አሉ፤ በማግስቱም ተለጠፈ።

አባቷ በገበያ ቀን መጡ። በር ላይ ተረኛዋ መምህር እኔ ነበርኩ። በሶና ሽሮ የተቋጠረበትን ጆንያ በትከሻቸው እንደያዙ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው «ፎቶዬ በር ላይ ተሰቅሏል» ብላ መልእክት ልካላቸው ስለነበር፣ ስንቋን ከማድረሳቸው በፊት እሱን ሊያዩ ነው የመጡት። ከግራ ወደ ቀኝ አዩ። ከቀኝ ወደ ግራ አዩ። ከዚያ ዘበኛውን ጠሩት።

«ኢንተሊ ኮ ኤሳ ጅርቲ?» አሉት በኦሮምኛ። ልጄ የት አለች?

ዘበኛው በዱላው ጫፍ አሳያቸው። ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ።

«አይ፣ ይቺ የሌላ ሰው ልጅ ናት።»

«የእርስዎ ናት፣ አባ። ስሟ ከሥር ተጽፏል እኮ።»

«ስሙን የጻፈው ሰው ተሳስቷል። የእኔ ልጅ የምትመስለው እኔን ነው። እስቲ ደህና አድርገህ እየኝ፤ ይቺ እኔን ትመስላለች?»

በአጠገባቸው የሚያልፉ ተማሪዎች ቆመው መሳቅ ጀመሩ። አንዱ «አባ፣ ከተማ ያቀላል እኮ! እርስዎም ትንሽ ይቆዩ!» አላቸው። እሱን አባርሬ ወደ እሳቸው ቀረብኩና የፊዚክስ መምህሯ መሆኔን ነገርኳቸው። ርዕሰ መምህሩ ቢያስረዷቸው የሚሻል መስሎኝ ወደ ቢሮ ወሰድኳቸው። ባልወሰድኳቸው ይሻል ነበር።

ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አባቴ፣ ደስ ይበልዎት እንጂ! ፎቶ ቤቱ አሳምሮ አወጣልዎት!»

አባትየው አልሳቁም። ቆብ አውልቀው ነበር የገቡት፤ መልሰው አደረጉት። በእሳቸው ዐይን ነገሩ ግልጽ ነበር። አንደኛ የወጣችው ሌላ ልጅ ናት፤ የእሳቸው ልጅ ዋሽታቸዋለች፤ የተማሩት ሰዎች ደግሞ ተሰብስበው ይስቁባቸዋል። የውጤት ካርዷን አስመጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦

«መምህርት፣ ወረቀት የጻፉበትን ነው የሚናገረው። ፊት ግን ያው ፊት ነው።»

ከሥራ ስመለስ ልጅቷን የክፍሏ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጆንያው አጠገቧ አለ፤ አልተፈታም።

«ቲቸር፣ አባቴ ‹ውሸት ከተማርሽ ትምህርቱ ይበቃሻል› አለኝ። ዓመቱ ሲዘጋ ይመጣል። ያቺው ልጅ እዚያው ተሰቅላ ካገኛት ጓዜን ይዤ እመለሳለሁ።»

«‹ያቺው ልጅ› ማናት?» አልኳት፤ አፌ ቀድሞኝ።

«እኔ» አለች።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ከመንገዱ ጭቃ ጋር ሳይቀር ተጣልቼ ነው የደረስኩት። ፎቶ አንሺው ወጣት ነው፤ ተጫዋች፣ ለሁሉም ሰው «የኔ ቆንጆ» የሚል።

«ልጅቷን ምን አደረግካት?» አልኩት።

«የቷን? እ፣ የሰሌዳዋን? አጸዳኋት እኮ!»

«ምን ቆሻሻ ነበረባት?»

«ኧረ ቲቸርዬ፣ ቆሻሻ ማን አለ? ጥቁረቱን ነው ያነሳሁላት። ለሁሉም ነው የማደርገው፤ ጭማሪም አልጠይቅም። አንቺም ብትመጪ አጸዳሻለሁ።»

ይህን ቃል ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ ሰምቼው ይሆናል። «ጸዳ ያለ ፎቶ»፣ «አጽዳልኝ»፣ «ፊቴን አላጸዳውም እንዴ?» ይባላል። የቆሸሸ ብርጭቆ ይጸዳል። የተማሪ ሰሌዳ ይጸዳል። የሰው ፊት ከነቀለሙ ሲጸዳ ግን ከሥሩ ምን ይወጣል ተብሎ ነው? ይህንኑ ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀና «እሺ፣ ጥሬውን ልይ ካልሽ ይኸው» ብሎ ያልተነካውን ፎቶ በኮምፒውተሩ ላይ ከፈተልኝ።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ጥሬውም እሷ አልነበረም። ፍላሹ ካሜራው አናት ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ተኩሶባታል። ቫዝሊኑ ግንባሯ ላይ እንደ ቆርቆሮ አብርቷል። የቀረው ፊቷ ከኋላዋ ካለው ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። የሚታየው ሸሚዝ፣ ጥርስና የግንባር ነጸብራቅ ነው።

«ይሄን ልለጥፍላት ነበር?» አለኝ። «ጥቁር ሰው ፎቶ አይወጣለትም፣ ቲቸርዬ። ካሜራው አይወደውም። ምን ላድርግ?»

ብርሃን አስተምራለሁ፤ ነጸብራቅ፣ ስብረት፣ የመግቢያና የመውጫ ማዕዘን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ እና አንድ ፎቶ አንሺ «ካሜራው አይወደውም» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ከመጣሁበት የባሰ ተናድጄ ነበር። ፎቶ ማንሳት የተማርኩት በፍቅር አይደለም። በንዴት ነው።

አዲስ አበባ ሠርግ ያነሳ የነበረ የአጎቴ ልጅ ሥራውን ቀይሮ አሮጌ ካሜራው ቤት ተቀምጦ ነበር። ለመንኩትና ከአንድ ፍላሽ ጋር ላከልኝ። ፍላሹ ካሜራው ላይ ሳይሰካ በርቀት የሚያበራው ዕቃ ግን አልነበረውም፤ ትሪገር ይሉታል። እሱን ፍለጋ መቱ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሁሉ ዞርኩ። «የፍላሽ ዕቃ» ስል ሁሉም ያው የኮምፒውተር ፋይል የሚያዝበትን ጣት የሚያህል ነገር ያወጡልኛል። አንዱ ባለ ሱቅ «ስንት ጊጋ?» አለኝ። «የሚያበራ ፍላሽ ነው የምፈልገው» አልኩት። ትንሽ አሰበና ጫፉ ላይ ቀይ መብራት ያለውን አመጣልኝ። በመጨረሻ ወደ ጅማ የሚሄድ ባልደረባዬ የትሪገሩን ሥዕል በስልኩ ይዞ ሄዶ ገዛልኝ።

ከዚያ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ኔትወርክ ሲገኝ አወርዳለሁ፤ ሲጠፋ ያወረድኩትን እደጋግማለሁ። የሚያስተምሩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው። ግን የሚያነሱት ሰው ሁሉ ነጭ ነው። አንዱ ብቻ «ስለ ጥቁር ቆዳ» የሚል ርዕስ ነበረው፤ ተስፋ አድርጌ ከፈትኩት። ምክሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ ብርሃኑን አብዙበት። ፎቶ አንሺያችንም ያደረገው እኮ ይህንኑ ነው! አብዝቶ አብዝቶ ድንች አደረጋት።

እኔም መጀመሪያ ያው አደረግኩ። ራሴን በርጩማ ላይ አስቀምጬ አነሳሁ። እኔ ጠይም ነኝ፤ በሙሉ ኃይል ሲተኮስብኝ የገረጣ በሽተኛ ሆንኩ። ቪዲዮዎቹ ላይ ብርሃኑን ለማለዘብ ነጭ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። መቱ ላይ ጃንጥላ ሞልቷል፤ ዝናቡ መች ይለቀናል። ነጭ ግን የለም። ከገበያ ውስጡ ብርማ የሆነ አገኘሁና ቤቴ ውስጥ ዘርግቼ፣ ፍላሹን ወደ ውስጡ አዙሬ መሞከር ጀመርኩ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። እትዬ በመስኮት በኩል ሲያልፉ አዩኝ።

«አንቺ!» አሉ፤ ድምፃቸው ከቆርቆሮው ዝናብ በላይ ነው። «ቤት ውስጥ ጃንጥላ?»

«እትዬ፣ ለፎቶ ነው።»

«ጣራዬ የት ጋ ነው የሚያፈስሰው? እስቲ አሳዪኝ! አንዲት ጠብታ አሳዪኝ!»

«አያፈስም፣ እትዬ። ለብርሃን ነው።»

«ብርሃን ይዘንባል እንዴ? ነገ ሰፈሩ ሁሉ ‹የእነ እትዬ ተከራዮች ቤት ውስጥ ጃንጥላ ይዘው ነው የሚቀመጡት› ሊል ነው። ዝጊው! አሁን ዝጊው!»

ሌላ ከተማ ቢሆን ይህ ጠብ አይሆንም ነበር። እዚህ ግን ለአከራይ ከዚህ የበለጠ ስድብ የለም። ጃንጥላውን ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ፤ ማታ ግን ጣራውን በባትሪ እየዞሩ ሲያዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጃንጥላ ትቼ አቡጀዲ ገዛሁ። ግቢው ውስጥ የተጣለ የመስኮት ፍሬም ላይ ወጥሬ ቸነከርኩት። ፍላሹን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አሰርኩ፤ እንጨቱን አሸዋ የሞላሁበት ጀሪካን ውስጥ ተከልኩ። መብራት ቢጠፋም አያስጨንቀኝም፤ ፍላሹ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። የድንጋዩ ነገር ግን ሌላ ንዴት ነው፤ ከሱቅ የምገዛው አንዳንዱ ከማሸጊያው ሲወጣ የሞተ ነበር።

ልጅቷን ልሞክርባት ስል እምቢ አለችኝ።

«አይሆንም፣ ቲቸር። ጥርሴ ብቻ ነው የሚወጣው።»

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም። ክፍል ውስጥ በስልክ ሲያነሱን ‹አንቺ፣ ሳቂ እንጂ እንድናይሽ!› ይሉኛል። እስኪችሉበት አልነሳም። ሲችሉበት ይጥሩኝ።»

በአክብሮት ነው የተናገረችው፤ በ«እርስዎ»። ግን ትክክል ነበረች። በሰው ፊት ላይ ልምምድ አይደረግም፤ ያውም ብዙ በተሳቀበት ፊት። ስለዚህ ሌላ ጥቁር ነገር ፈለግኩ። የእትዬ የሸክላ ድስት ነበረች፤ ዕድሜ ጠገብ፣ ከመታሸቷ ብዛት የምታብለጨልጭ። ተውሼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኳት።

«ድስቴን ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ እትዬ፤ ከጃንጥላው ወዲህ አያምኑኝም።

«ፎቶ ላነሳው።»

«ለመታወቂያ ነው? ነው ወይስ ልትሸጪብኝ?»

አሁን በደንብ ተከተሉኝ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ድስት ላይ ነው። ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰክቼ ፊት ለፊት ሳነሳት ሆዷ መሃል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ወጣች፤ ሌላው ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ድስት መሆኗ አይታወቅም። ብርሃኑን ሳበዛ ነጥቧ ባሰባት፤ ጉድጓዱም አመዳም ሆነ እንጂ ቅርጽ አላወጣም። ፍላሹን ከካሜራው ነጥዬ ወደ ጎን ወስጄ፣ አቡጀዲውን በፍላሹና በድስቷ መካከል አቁሜ፣ ጨርቁን ወደ ድስቷ በጣም አስጠግቼ ሳነሳ ግን ከአፏ እስከ መቀመጫዋ አንድ ረጅም፣ ለስላሳ የብርሃን መስመር ወረደ። ድስቷ ክብ ሆነች። ከብዳ ተቀመጠች። ጥቁረቷ ደግሞ እንዳለ ነበር፤ እንዲያውም ይበልጥ ጠቆረች፤ ግን የጣት ዱካ ሳይቀር ይታይባታል።

ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ተመላለስኩ። ነገሩን ለስንት ክፍል አስተምሬዋለሁ! ነጭ ነገር የወደቀበትን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ከየት ቢመጣበት ይታያል። ጥቁርና ለስላሳ ነገር ግን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ቅርጹን የሚያወጣው በላዩ ላይ እንደ መስታወት የሚመልሰው ብርሃን ነው። መስታወት ደግሞ በገባበት ማዕዘን ይመልሳል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ብርሃን አይደለም፤ ከየት እና ምን ያህል ሰፊ ነው። ፊት ለፊት የተኮሰ ሰው ነጥብ ያገኛል። ከጎን በሰፊው ያበራ ሰው ፊት ያገኛል። ካሜራው የማይወደው ሰው የለም። የማይመለከት ፎቶ አንሺ ግን አለ። ይህን ለማወቅ አንዲት ድስትና አንድ ከሰዓት በቃኝ፤ እና ይህ ነው ዛሬም ደሜን የሚያፈላው። ከባድ ቢሆን ይቅር እል ነበር። ቀላል ነው!

ልጅቷን ጠራኋት። የድስቷን ፎቶ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሺ» አለች። «ቫዝሊኑን ልጠበው?»

«እንዳትነኪው!»

ቫዝሊኑ እኮ ጠላት አይደለም። ፊት ለፊት ሲተኮስበት ነው ቆርቆሮ የሚሆነው። ከጎን በሰፊ ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ የመጣ ብርሃን ሲያርፍበት ጉንጭን የሚያወጣው እሱ ነው። በኖራ ከተቀባው ግድግዳዬ ትንሽ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳት፤ ከኋላዋ ያለው ነጣ ሲል የፀጉሯ ዳር ይለያል። ጨርቁን በፊት ለፊቷና በጆሮዋ መካከል ባለው አቅጣጫ፣ ከዐይኗ ትንሽ ከፍ አድርጌ አቆምኩ። በሌላው ወገን ጥላው እንዳይውጣት ነጭ ካርቶን ይዘው እንዲቆሙ እትዬን ለመንኩ።

«ድስቴ አለቀና አሁን እኔን?» አሉ። ግን ያዙ። ልጅቷንም «ቀና በይ፤ ምን አቀረቀረሽ? ሰርቀሻል?» እያሉ አሳቋት።

ፎቶውን በካሜራው ትንሽ መስኮት አሳየኋት። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ቲቸር! አባቴን!»

እውነት ነው፤ አባቷ ነበሩ። ጉንጩ፣ ግንባሩ፣ ያ «ደህና አድርገህ እየኝ» ያለ ፊት።

ፎቶውን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። የገባሁት በደስታ ነበር፤ የወጣሁት ግን በሌላ ሁኔታ ነው።

«ጥሩ ነው፣ መምህርት። ጥሩ ነው። ግን ሌሎቹ ሁሉ ጸድተው እሷ ብቻ እንዲህ ጠቁራ ብትለጠፍ አይከፋም? ‹ለይተው አጠቆሯት› ይባላል። እኔ ለልጅቷ አስቤ ነው።»

«ጋሼ፣ ማንም አላጠቆራትም። እንዲህ ናት።»

«አውቃለሁ፤ አውቃለሁ። ግን ሰሌዳው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኔ ሥርዓት ነው የምለው፤ አንቺም ሥርዓት ትወጃለሽ።»

እወዳለሁ። ለዚህም ነው የበለጠ የተናደድኩት። አንድ ዓይነት የሚባለው ሁሉንም ማንጣት ሆኖ፣ እውነተኛዋ ስትመጣ ሥርዓት አፍራሽ ተባለች። «እንግዲያው ሁሉንም አነሳለሁ» አልኩ። «ሰሌዳው ላይ ያሉትን በሙሉ።» በነጻ መሆኑን ሲሰሙ ተቃውሟቸው ለዘበ።

ልጆቹ በየተራ ወደ ክፍሌ መጡ። ቀዩም፣ ጠይሙም፣ ጥቁሩም። አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ጎረምሳ ከመቀመጡ በፊት ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ እኔን ትንሽ ያጽዱኝ፤ ለማንም አልናገርም» አለኝ። «ፊትህን ታጥበሃል?» አልኩት። «ታጥቤያለሁ።» «እንግዲያው ጸድተሃል። ተቀመጥ።»

ማተሚያው ግን ያው ያ ፎቶ ቤት ነው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ፎቶ አንሺው የልጅቷን ሲከፍት ፉጨት አወጣ።

«ማን አነሳት? አንቺ? ኧረ ጎበዝ! ትንሽ ብቻ ቀላ ላድርጋትና—»

«እጅህን ከማውሱ ላይ አንሳ።»

«ለራሷ ብዬ ነው እኮ፣ ቲቸርዬ።»

«እጅህን አንሳ አልኩህ!»

ደንበኞቹ ዞረው አዩኝ። የመጀመሪያው ህትመት ነጣ ብሎ ወጣ፤ «ማሽኑ ነው፤ እንዲህ ነው የለመደው» አለኝ። ማሽን አይለምድም፣ ሰው ነው የሚያስለምደው አልኩትና እንዲያስተካክለው አጠገቡ ቆምኩ። ደግሞ አወጣ፤ አሁንም ነጣ። ደግሞ። እሷ እስክትሆን ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅኩም።

ዓመቱ ሲዘጋ አባቷ እንዳሉት መጡ። ልጅቷ ጓዟን ቋጥራ አስቀምጣ ነበር፤ እየለመንኳትም ልትፈታው አልፈቀደችም። አብረን ወደ በሩ ሄድን፤ እሷ ከኋላዬ ቀረች። አባትየው ከግራ ጀመሩ። ወደ መሃል ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ፤ በልጃቸው ጉንጭ ላይ። ማንንም አልጠየቁም። ከዚያ ዞረው እሷን አዩ፤ መልሰው መስታወቱን አዩ።

«አንቺ ነሽ» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«አንደኛ?»

«አንደኛ።»

ጭንቅላቷን ይዘው ግንባሯን ሳሙት። አለቀ፤ ወደ ዳሪሙ የምትመለሰው ለክረምት ብቻ እንደሆነ እዚያው ቆመው ነገሯት። እኔ አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነበር። ድንገት አባትየው ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእውነት ተጨንቀው ጠየቁኝ፦

«መምህርት፣ ያቺ የበፊቷ ልጅስ? ምን አጥፍታ ነው ያነሷት?»

አስረዳኋቸው። ፍላሹን፣ ኮምፒውተሩን፣ «ማጽዳት» የሚባለውን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመኑኝ ግን አይመስለኝም። «ምስኪን» አሉ። «አባቷ ፍለጋ ቢመጣስ?»

ልጅቷ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ፎቶ አንሺው ደግሞ ያቺን የነጣችውን ፎቶ አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቅሏታል፤ የሥራው ማሳያ ናት። ሳልፍ አያታለሁ፤ ገብቼም ሁለት ጊዜ አውርድ ብዬዋለሁ። «ደንበኛ የምታመጣልኝ እሷ ናት» ይለኛል። ርዕሰ መምህሩም የዘንድሮው ፎቶ «እንደ ድሮው» ፎቶ ቤት ቢሆን ይሻላል ማለት ጀምረዋል። እኔም ንዴቴ አልበረደም። ለብቻዬ ደግሞ ይህን ሁሉ ፊት አልዘልቀውም።

ስለዚህ እናንተም ሞክሩት። ካሜራ አያስፈልጋችሁም፤ ስልክና ሌላ ስልክ ይበቃል። ቤታችሁ ካለው ሰው ሁሉ ጠቆር ያለውን አስቀምጡ። ነጭ ጨርቅ በጎኑ አስጠግታችሁ ወጥሩ፤ የአንዱን ስልክ ባትሪ ከጨርቁ ኋላ አብሩ፤ በሌላው አንሱ። ብርሃኑን አታብዙ፤ አዙሩት። ጉንጩ እስኪወጣ ድረስ ዙሩበት። ከዚያ ምንም ሳትነካኩ ለራሱ አሳዩትና የሚለውን ስሙ። «እኔ ነኝ» ካላለ ጥፋቱ የእሱ ፊት አይደለም፤ ጨርቁን አንሱና እንደገና ጀምሩ።